የሌላንድ ፕሩዊት ቀይ ነጥብ

ሌላንድ ፕሩዊት ከገዛ ኩሽናው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ሚስቱ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላለች። ሸሪፍ ሆባርት ደግሞ ቁርሱን ሳይቀምስ ስለመጣ ነገሩ በዚሁ እንዲያልቅለት ይፈልጋል።

መርማሪዋ ሬና ታኬት ግን ቁርሷን በልታ ነው የመጣችው።

«ምኑ ያስቸግራል?» አላት ሸሪፉ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፣ በሩ ተከፈተ። ሌባ መሰላትና ባሏን መታችው። በዚህ በኬንታኪ ቤቱን የጠበቀ ሰው አይጠየቅም። እውነቷን ከሆነ እቤቷ ትቀመጣለች። ውሸቷን ከሆነ እድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች።»

ሬና ከጓዳው በር በላይ ያለውን የተበሳሳ ግድግዳ ቀና ብላ አየች። «ሁለት ጊዜ ተተኩሷል። የመጀመሪያው ከሰውዬው ራስ በላይ አልፎ ግድግዳ መታ። ምራቅ በሚደርስበት ርቀት!»

«ደንግጣ ነዋ።»

«ይሆናል» አለች። ይህች ቃል በሬና አፍ «ውሸት ነው» ማለት እንደሆነች ሸሪፉ ያውቃል። ሥራውን ማንም አላስተማራትም። እስር ቤት ወጥ ስትሠራ እስረኞች ሲዋሹ እየሰማች ለብቻዋ የተማረችው ነው፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሁሉ ትናገራለች።

ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በሸለቆው ውስጥ በየቤቱ በር ጥግ የሚቆም፣ ፍንጥር ጥይት የሚረጭ ያው ጠመንጃ ነው። አዲሱ ነገር ከላዩ የተጫነው የመስታወት ማነጣጠሪያ ነበር፤ በውስጡ ሲያዩ ቀይ ነጥብ የሚያበራው ዓይነት። በጋውን ሙሉ የፕሩዊት ቤት በእሱ ሲታመስ ከርሟል። የሌላንድ ዓይን እየደከመ ሲሄድ፣ ሚስቱ ኦሊታ ከፊተኛ ባሏ የወለደችው ክሌይ «ቀይ ነጥብ ይገጠምለት» አለ። የሌላንድ ታናሽ ወንድም ዶይል ደግሞ «አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያ የነሐስ ፍሬ ለአባታችን በቅታለች» ብሎ እሑድ ምሳ ላይ የባቄላውን ሳህን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ወጣ። ክሌይም ትናንት ከሰዓት በኋላ መስታወቱን ገጠመው።

ሬና ጓንቷን አጥልቃ ማነጣጠሪያውን እያገላበጠች ብዙ አየችው። በመስታወቱ የኋላ ጠርዝ ላይ የደረቀ ነገር ነበር። ከጎኑ ያለችውን ክዳን በሳንቲም ፈትታ ውስጡን አየች፣ መልሳም ገጠመቻት።

ኦሊታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መሀረቧን ትጠመዝዛለች።

«አይዞዎት ወይዘሮ ኦሊታ። መብራቱ ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«ዶሮዎቹን ላስገባ ጓሮ ነበርኩ። ድርግም አለ። ከዚያ ገባሁ… ሰው በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ጠመንጃውን አነሳሁ።»

«አነጣጠሩ?»

«ቀዩን ነጥብ ደረቱ ላይ አደረግኩና ሳብኩት።»

«ነጥቡ ደህና አድርጎ ይታይዎት ነበር?»

«እንደ ፍም!»

ይህን ስትል ሬሳውን ጭነው የሚወጡትን ሰዎች አላየችም። ዓይኗ ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ የቆመው ልጇ ላይ ነበር።

ሬና ወደ እሱ ወረደች። ክሌይ ገና ሳትደርስበት ፊቱን አጠቆረ።

«ማነጣጠሪያውን የገጠምከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ። ሐብሐብ ደርድሬም ሞክሬዋለሁ። አንድም አልሳትኩ!»

«መብራቱስ?»

«እንደ መኪና የኋላ መብራት ነው የሚያበራው።»

«ከዚያ ወዴት ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ሄድኩ አልኩሽ! መንገድ ላይ መንዳት ተከለከለ?»

«ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

እጁ ቶሎ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። «ማስቲካ።»

«እስቲ አንድ ስጠኝ፤ አፌን መሮኛል።»

«አልቋል።»

«ያለቀ ማስቲካ እንዲህ ኪስ ሲወጥር ዛሬ አየሁ» አለችና ትታው ሄደች።

የዶይል ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። በር ላይ የሽቦ አጥር አለ፤ ውስጡ የውሃ ሳህንና የታኘከ ገመድ እንጂ ውሻ የለም። ዶይል ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ እንጨት ይፈልጣል።

«ዱቼስ የታለች?» አለችው ሬና። ያቺን አዳኝ ውሻ የማያውቅ በሸለቆው የለም።

«ሌላንድን ጠይቂው።»

«ሌላንድማ ሞቷል።»

«ሰማሁ። እሷም እንደዚያው ናት። ሦስት ዶሮ በላችብኝ ብሎ ደፋት። አሥር ዓመት አብራኝ የኖረችውን!» መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው። «ምን ፈለግሽ አንቺ ልጅ? እሑድ ከወጣሁ ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጥኩም። ሚስቲቱ አመነች አይደል?»

«አምናለች። እኔ ስለ ማነጣጠሪያው ነው የመጣሁት። ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም ይሉኛል።»

ዶይል ደረቱ ነፋ አለ። «እውነታቸውን ነው። ለቤት መጠበቂያ የነሐስ ፍሬ! ጉንጭሽን ሰደፉ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ትስቢያለሽ፣ አለቀ። ያ ጎረምሳ ግን ምን አደረገ? ነጥብ የሌለው መስታወት ጠመንጃ ላይ ቆልሎ ፍሬዋን ጋረዳት! ሰው አንገቱን አስግጎ ነጥብ ሲፈልግ ሌባው ምሳውን በልቶ ይሄዳል!»

ሬና ሳቀች። «ይህን ነገር እዚያው ቤት መጥተህ ለሸሪፉ ንገርልኝ። እኔ ሴት ስለሆንኩ አይሰማኝም።»

መጣ። እንዲህ ያለውን ግብዣ የሚገፋ ሰው አይደለም።

ሬና በመሐል ወደ መስቀለኛው መንገድ ሱቅ ስልክ ደውላ ነበር። ሁሉም ኩሽና ውስጥ ሲሰበሰቡ ሸሪፉ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ክሌይም ቆቡን አወለቀ። ዶይል ባርኔጣውን እንደደፋ በሩ መቃን ላይ ተደገፈ።

«በመጀመሪያ» አለች ሬና «ወይዘሮ ኦሊታ ማንንም አልገደሉም።»

«ገድያለሁ!»

«በፍም ነጥብ? እስቲ ይህን ይመልከቱ።» የማነጣጠሪያውን ክዳን ፈታች። ውስጡ ባዶ ነበር። «የባትሪ ድንጋይ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ይህ መስታወት ከተሠራ ጀምሮ አንዲት ነጥብ አላበራም። ያላዩትን አየሁ ያሉት ለምንድነው? ተኩስ ሰምተው ከዶሮ ቤት ሲወጡ የልጅዎን መኪና አጡ። እሱ ገድሎ የሸሸ መሰለዎት።»

ኦሊታ አፏን በመሀረቧ ያዘች።

«ሐብሐቡስ?» አለ ሸሪፉ።

«ሐብሐብ የለም። ክሌይ፣ ያለቀውን ማስቲካህን አውጣ።»

ክሌይ ዶይልን በጎን አይቶ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከኪሱ ያልተቀደደች የባትሪ ድንጋይ ማሸጊያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣላት።

«ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም» አለ እያጉረመረመ። «በጋውን ሙሉ ስፎክር ከርሜ፣ አይበራም ልበል? ይበራል አልኳቸው። ሱቁ ሳይዘጋ ልገዛ ሄድኩ።»

«ልክ ነው። መብራቱ ድርግም ሲል ሱቅ ውስጥ ነበርክ። ባለሱቋ ሻማ አብርታ ነው መልስ የሰጠችህ። የሸለቆው መስመር አንድ ነው፤ እዚያ ሲጠፋ እዚህም ጠፋ። ተኩሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያው ነው፤ ከሱቁ እዚህ አትደርስም። ለምን አልተናገርክም?»

«ነጥቡ አልበራም ብል የእማዬ ቃል ይፈርሳል። እሷ… እውነት እሷ መስላኝ ነበር።»

እናትና ልጅ ተያዩ፣ መልሰውም ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ባትሪ እንደሌለው ለማን ነገርክ?»

«ለማንም!»

«ለአጎትህ ለዶይልስ?»

«ለሱ ከምነግር ምላሴ ይቆረጥ!»

ሬና ወደ በሩ ዞረች። «እንግዲያው ዶይል ፕሩዊት፣ ትናንት ከሰዓት የተገጠመ መስታወት ነጥብ እንደሌለው፣ እሑድ የወጣህ ሰው እንዴት አወቅህ? ይህን የሚያውቀው በውስጡ ያነጣጠረ ሰው ነው። ግድግዳውን እየው። ገዳዩ አንገቱን አስግጎ ነጥቡን ፈለገ፣ አጣ፣ ተኮሰ፣ ጥይቱ ከሰውዬው በላይ አለፈ። አንገት ማስገጉን ያወራኸኝ አንተ ነህ።»

«በግምት ነው የተናገርኩት! ከዚህ ሁሉ ቻይና ከሚመጣ ዕቃ የትኛው ይሠራል?»

«ይሆናል» አለች ሬና። ሸሪፉ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ። «በሁለተኛው ጊዜ ግን በለመድከው መንገድ ተኮስክ። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ለጥፈህ፣ ወደፊት ተስበህ፣ የተጋረደችውን ፍሬ ስትፈልግ። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመልስ መስታወቱ ቅንድብህን ነከሰህ። ጠርዙ ላይ ደምና አንዲት የሸበተች የቅንድብ ጸጉር አለች። በዚህ ሸለቆ ሰካራም እንኳ ሰው የሞተበት ቤት ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል። የገዛ ወንድምህ ነው የሞተው። ባርኔጣህን አውልቅ።»

ዶይል አልተነቃነቀም። ሸሪፉ እጁን ዘርግቶ አወለቀለት። ከቀኝ ቅንድቡ በላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁስል ነበር።



«ይቅርታ በል አልኩት» አለ ዶይል በመጨረሻ። «ለእኔ አይደለም፣ ለዱቼስ። ሳቀብኝ። ጠመንጃው እዚህ ጥግ ነበር።» ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ ቀና ብሎ አየ። «በነሐሷ ፍሬ ነበር ዱቼስን የመታት። ከሜዳው ማዶ፣ በዚያ በደከመ ዓይኑ፣ በአንድ ጥይት። እኔ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሁለት ፈጀሁበት።»

ሸሪፉ ይዞት ወጣ። ሬናም ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቀለለች።

ኦሊታ ተነስታ ክሌይን በጥፊ አለችው። ወዲያው ያንኑ ጉንጩን በመዳፏ ያዘች፣ አልለቀቀችውም።

«ነፍሰ ገዳይ መሰልኩሽ?» አላት።

«እኔስ አልመሰልኩህም?»

ክሌይ አቀረቀረ። የባትሪ ድንጋዩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በጣቶቹ አገላበጣት።

«ይህ ቢገባበት ኖሮ» አለ «እውነትም እንደ ፍም ነበር የሚያበራው።»

«ክሌይ» አለች እናቱ፣ እጇን ከጉንጩ ሳታነሳ፣ «ዝም በል።»