የሻይ ቅጠሉ ጣሳ

መስቱራ ቀኝ እጇን በሞተሩ ጎን እስከ ትከሻዋ አስገብታ፣ ጉንጯ ፀሐይ ያጋለውን ብረት ሊነካ ለጥቂት ቀርቶት፣ ጣሳውን በሽቦ እያሰረች ነበር። በዚያ ጠባብ ቦታ የሚገባ እጅ ከቤተሰቡ የእሷ ብቻ ነው። የአጎቷ የበሽር ክንድ ዕድሜውን ሙሉ የሎሪ መሪ ሲታገል የኖረ ነው፤ ገና ክርናቸው ሳይደርስ ይያዛል።

«አጥብቂው» አሉ በሽር ከበላይዋ ጎንበስ ብለው። «ተንቀሳቀሰ ማለት አለቀልን ማለት ነው።»

ጣሳው ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የመጣ የሻይ ቅጠል ጣሳ ነው። ያረጀ ሞተር ዘይት የቀላቀለ ጭስ በመተንፈሻ ቱቦው ይተፋል፤ ዘይቱም መሬት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይቀራል። አሁን ቱቦው በጣሳው ክዳን ገብቷል፤ ዘይቱ ውስጡ በተጠቀጠቀው የጆንያ ቃጫ ተይዞ እዚያው ይጠራቀማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለጥቂት ጠብታ ማን ይጨነቅ ነበር? ዘንድሮ ግን ጣሊያን መተማን ከያዘ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የበሽርም ሎሪ ከጨው ጆንያው ሥር ጥይትና የቁስል መድኃኒት እየደበቀ፣ ከሸሕዲው መንገድ በደረቁ ወንዝ በኩል እየታጠፈ ለአርበኞች ያደርሳል። ወንዙ ድንጋያማ ነው። ጎማ በድንጋይ ላይ ፈለግ አይተውም፣ ዘይት ግን ይተዋል።

ይህን ደግሞ ባንዳው ውባንተ ደርሶበታል። ባለፈው ሳምንት ከወንዙ አፋፍ በዘንግ መሬት መሬቱን እየነካካ ሲሄድ ያየው ሰው አለ። በዚያው ሳምንት አንድ ባለግመል ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ገበያው መሀል ተሰቅሎ ሦስት ቀን ሳይወርድ ቆይቷል። መስቱራ በዚያ በኩል ማለፍ ትታ በዙሪያ ነበር ውኃ የምትቀዳው።

«ቀዳዳውን እንዳትረሺ» አሉ በሽር። «በላይ በኩል አንድ የምስማር ቀዳዳ ይበቃል። ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ካፈንሽው ይጨነቃል። ጭሱ በጣሳው ካልወጣ ዘይቱን በሌላ በኩል ይተፋዋል። ያን ጊዜ ጠብታ አይደለም፣ ጅረት ነው የምናወርደው።»

የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን የሚታወቀው ጣሳው ከታሰረ በኋላ ስለሆነ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ነው የሚበሳው። መስቱራ በከንፈሯ የያዘችውን ምስማር በግራ እጇ ስታወጣ፣ ከጀርባዋ የበቅሎ ኮቴ ሰማች።

«እንዴት አረፈዳችሁ?» አለ ውባንተ።

ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እሱ ሲቆጣ የሰማው ሰው የለም። ከበቅሎው ወርዶ ከሎሪው ሥር የነበረውን የትናንት ጠብታ በጣቱ ነካና አሸተተው። ምስማሩ ከመስቱራ ጣት አመለጠ፣ የት እንደገባ እንኳ አላየችም።

«ልጅቱ እዚያ ውስጥ ምን ቀበረች?»

«ቁልፍ ወድቆባት ነው» አሉ በሽር። «እጇ ቀጭን ስለሆነ እሷው ትፈልገው ብዬ ነው።»

«አገኘሽው?»

«እየፈለግሁ ነው፣ ጌታዬ» አለች መስቱራ እጇን ሳታወጣ።

ውባንተ ጣቱን በሎሪው በር ላይ ቀስ አድርጎ ጠረገ። «ሎሪ ሁሉ ያንጠባጥባል፣ በሽር። ሎሪ ሁሉ ግን ከመንገድ አይወጣም። ዛሬ ትሄዳለህ አሉ?»

«ኢንሻአላህ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ።»

«መልካም። እኔም በዚያው መንገድ ነኝ። በቅሎ እንደ ሎሪ አይሮጥም፤ ቀስ ብዬ እከተላለሁ።» ሄደ፤ ሲሄድም ዓይኑ ከመሬት አልተነሣም።

በሽር ላባቸውን ጠረጉ። የሚያስቡት የራሳቸውን አንገት ብቻ አልነበረም። ሰውየው እሳቸውን እዚያው መያዝ ሲችል ያልያዘው፣ ጠብታው መጨረሻ ላይ የሚጠብቁትን አርበኞችም ስለሚፈልግ ነው።

«አበጀሽ» አሏት ራሷን ዳሰስ አድርገው። «ወላሂ፣ ከአሥር ወንድ አንቺን እመርጣለሁ። ቀዳዳውስ?»

እንዲህ ተመስግና «ምስማሩን ጣልኩት» ማለት ከበዳት። አንዲት ምስማር የምታክል ቀዳዳ ምን ታመጣለች አለች በልቧ።

«በስቼዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

በሽር ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት አቆዩት። መሬቱ ላይ አንድም ጠብታ አልወረደም። እናቷ ረቢዓ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ሎሪውም በአቧራ ተሸፍኖ ወደ ከተማው መውጫ፣ ወደ ኬላው አመራ።

መስቱራ እጇን ልትታጠብ ቁጢጥ ስትል ከቀሚሷ እጥፋት አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። ምስማሩ ነው።

በዚያ አገር መንገድ የጀመረን ሰው ከኋላ መጥራት ነውር ነው፤ ገደኛ አይደለም ይባላል፤ በሽር ደግሞ ይህን አጥብቀው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ኬላው ላይ ውባንተ መኖሩ አይቀርም። ብትሄድ «ዋሽቻለሁ» ልትል ነው። ብትቀር ማንም አያውቅባትም፤ ዘይቱ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ እስኪፈስ ድረስ። ፈራች፣ አፈረችም፤ የቱ እንደሚብስ ለራሷም አልለየላትም።

ምስማሩን ከጉንጉኗ ውስጥ ሰካች። መዶሻ የሚሆን ድንጋይ በኪስራ ቂጣ ጠቀለለች።

«እማዬ፣ አጎቴ ስንቅ ረስተዋል!» ብላ ሮጠች።

ኬላው ላይ አንድ የጣሊያን ጦር አስካሪ ጆንያዎቹን በሳንጃ ይወጋጋል። ሳንጃው ከላይኛው ድርድር ጨው አላለፈም። ውባንተ ጥላ ሥር ተቀምጦ በቅሎውን ውኃ ያጠጣል። መስቱራ የሎሪው መርገጫ ላይ ወጥታ ጥቅሉን በመስኮት አቀበለች።

«አጎቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «አልበሳሁትም። ዋሽቼዎት ነው።»

በሽር ከኋላ በመጠራታቸው ሊቆጡ ከፍተውት የነበረውን አፋቸውን ዘጉ። መሪው ላይ ያለውን ሰፊ እጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ የእሷን አዩ። መስቱራ በወዲያኛው በኩል ዞራ በሩን ከፈተችና ወጥታ ተቀመጠች።

«ይቺ ደግሞ ወዴት ነች?» አለ አስካሪው።

«ሸሕዲ፣ አክስቴን ልጠይቅ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከጥላው ሥር ውባንተ ፈገግ አለ። «በደኅና ግቢ፣ ልጄ።»

ከሁለተኛው ኩርባ አልፈው ከኬላው ሲሰወሩ በሽር ሎሪውን አቆሙና የሞተሩን ሽፋን ከፈቱ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ዘይቱ በዘይት መለኪያው ዘንግ በኩል ገንፍሎ ከሞተሩ ሥር ባለው ቆርቆሮ ላይ ተጠራቅሟል። ጠርዙ ላይ ቆሞ ሊወርድ ያለ ይመስላል።

መስቱራ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ዘይቱን ጠራረገች። ከዚያ እጇን አስገባች። ብረቱ ፈጃት፣ ጥርሷን ነክሳ ምስማሩን በድንጋዩ መታች፣ ደገመች። በሦስተኛው ጣሳው ተበሳና ትኩስ ትንፋሽ መዳፏ ላይ እፍ አለባት። እጇን ስታወጣ ከክርኗ አንድ ጠብታ አቧራው ላይ ወደቀች። አንዲት ናት፣ ከሽንብራ አትበልጥም። መስቱራ ተንበርክካ አፈሩን ከነጠብታው ዘገነችና በሻሹ ቋጠረችው።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ በሽር። «አሁን አንቺ ተመለሺ። በዱሩ በኩል ብትሄጂ ማንም አያይሽም፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ቤት ነሽ። እናትሽ ምን ትለኛለች?»

«ጣሳው ስንት ጊዜ ይሞላል?»

«ይህ ሞተር ሽማግሌ ነው። ወንዙ ጋ ሳንደርስ አንዴ መደፋት አለበት፣ ከወንዙ ወዲያም አንዴ።»

«ማን ይደፋዋል?»

በሽር የሞተሩን ሽፋን መልሰው ገጠሙ። መስቱራ ወደመጡበት ዞራ አየች። ከሩቅ፣ ከመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ አንድ ባለበቅሎ ይመጣል። ጥቂት ይሄድና ይቆማል፣ ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ መንገዱን ያያል፣ እንደገና ይሄዳል። የቸኮለ አይመስልም።

የተላላጠ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሻሹን ጥቁሩ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጠፈችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና የሎሪውን በር ሳበች።

«እንሂድ፣ አጎቴ» አለች።