በጸሎቱ መሀል ያዘነበለው ሥዕል

ወዳጄ፣ ጸሎት ሲደረግ ዓይንህን ትጨፍናለህ? እኔ እጨፍናለሁ፤ ልጆቼንም እንዲሁ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው። ለዚህ ነው ይሄ ነገር እስካሁን ከልቤ ያልወጣልኝ።

ጋሽ ኤርካሎ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ሶዶ ቤታቸው ምሳ ላይ አሬራቸውን ጠጥተው ብዙም ሳይቆዩ ወደቁ። ኢንስፔክተር ብሩክታይት ስትደርስ አስከሬኑ ከአንድ ትልቅ ሥዕል ሥር ነበር። በጣሊያን ጊዜ የተሣለ ነው፤ ፈረሰኞች እየጋለቡ መሬት ላይ የተተከለ ችካል በጦር መንቀል ሲለማመዱ ያሳያል። ዳር ቆሞ ልጓም የያዘው የጋሽ ኤርካሎ አያት ነው ይባላል። ሥዕሉ ወደ ግራ አዘንብሏል።

ማዕድ ላይ የነበሩት ሟቹ፣ ሚስታቸው ጥሩነሽ፣ የወጣትነት ጓደኛቸውና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ይስሐቅ፣ ባለሱቁ ጀማለዲን ናቸው። የምርመራው ውጤት ሲመጣ መርዝ የተገኘው ጋሽ ኤርካሎ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። የቀዳችው ጥሩነሽ ናትና ሰፈሩ ሁሉ እሷ ላይ ጠቆመ። ሊያስሯት ነው።

«ሁሉም እያዩ ቀዳሁ» አለች ጥሩነሽ። «ከዚያ ይስሐቅ ጸለየ። አሜን ሲባል ኤርካሎ አንስቶ ጨለጠው፤ ጠምቶት ነበር።»

«በጸሎቱ መሀል ምን ሰሙ?»

«ከባድ መኪና አለፈ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ይስሐቅም ድምፁን ከፍ አደረገ። ዓይኔን ስገልጥ ሥዕሉ አዘንብሏል።»

ጀማለዲን ቀጠለ። «ስትቀዳ አጠገቧ ነበርኩ፤ ብርጭቆዎቹን ፊቴ አጥባ ነው የቀዳችው፤ ከማሰሮው በቀር ሌላ የነካችው የለም። ሊጸልዩ ሲሉ ስልክ ተደወለልኝና ወጣሁ። ደጅ ጎረቤት ሁሉ አይቶኛል።»

«ለምን ነበር የተጠሩት?»

«ይሄን ሥዕል አረካ ከተማ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁት። ጋሽ ኤርካሎን ‹ሸጡት እንዴ?› ብላቸው ሳቁ። ‹ግድግዳዬ ላይ ነው። ፍሬሙን ያሠራልኝ ይስሐቅ ነው፤ ምሳ እንብላና እንጠይቀው› አሉኝ።»

ይስሐቅ ሲጠየቅ ረጋ ብሎ ነበር።

«ሽማግሌ፣ ሥዕሉን ምን አጣመመው?»

«መኪናው ነዋ። እንሽላሊት እንኳ ከኋላው ወጥታ በፈረሱ ጀርባ ሮጣ ጣራ ገባች። ከነዚያ ፈረሰኞች እሷ ትሻላለች፣ ጋላቢ።»

«መኪናው ሲያልፍ ነው?»

«ያኔውኑ። ደንግጣ።»

በማግስቱ ብሩክታይት ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ የገባው ከተቀዳ በኋላ፣ ሳይጠጣ በፊት ነው። በዚያ መሀል የነበረው ጸሎት ብቻ ነው። ጀማለዲን ደጅ ነበሩ። ሽማግሌ፣ እርስዎስ ሲጸልዩ ዓይንዎን ይጨፍናሉ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል። እጨፍናለሁ።»

«መኪናው ያለፈው እርስዎ ሲጸልዩ ነው። እንሽላሊቷን በምን ዓይን አዩዋት?»

 ብሩክታይት ሥዕሉን አውርዳ ጀርባውን አሳየቻቸው፤ ሸራው አዲስ ነው።

«ይሄ ቅጂ ነው። ዋናውን አረካ አግኝተነዋል። ነጋዴው ያመጣልኝ ይስሐቅ ነው ብሏል።»

«ስለ ሥዕሉ ሊጠይቀኝ እንደጠራኝ ቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ጉባኤ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ይስሐቅ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጥሩነሽ አላለቀሰችም። «ያን ዕለት ጠዋት ኤርካሎ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ተሳስቶም ከሆነ እዚሁ በኛ መሀል ይቅር፤ ይስሐቅ ወንድሜ ነው› አለኝ። አንተ ማዕዳችንን እየባረክህ ገደልከው።»

ይስሐቅ ተወሰደ፤ ፍርዱ የእግዚአብሔርና የሕግ ነው። ጥሩነሽ ነፃ ናት። ግን እስከ ዛሬ ቤቷ ገብቶ ውሃ የሚጠጣ የለም፤ እጇን ይፈራሉ።

ሶዶ ከመጣህ አደራህን ጎራ በልላት፤ የሰጠችህንም ብላላት።