አንደኛ ማርሽ

አቶ ገብረሥላሴ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ውስጥ፣ በግንቡና በገዛ መኪናቸው መካከል ተጣብቀው ሞቱ። ጡረተኛው የባቡር መካኒክ የአሮጌዋን ስድስት መቶ ፊያት የኋላ ሞተር አውጥተው የታላቅ እህቷን፣ የስምንት መቶ ሃምሳን ሞተር ገጥመውላት ነበር። አሳይታ ከተማ መምህርት ለሆነችው ልጃቸው ለትዝታ ያዘጋጇት መኪና ነች።

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ከሰመራ ስትደርስ የአዋሽ ፖሊሶች «ገዳዩ አምኗል» አሏት። የሟች የአርባ ዓመት ባልደረባ አቶ ሸምሰዲን «ተጣላንና መኪናዋን ገፋሁበት፤ እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ቶሎ የሚያምን ሰው መቅደላዊትን ደስ አይላትም።

በግንቡ ወሰን ከሟች ጋር ይካሰስ የነበረውን ጎረቤት ብዙነህን ጠየቀችው።

«ጠብ ሰማህ?»

«አልሰማሁም። ሞተር ተነሳ፣ ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ጩኸት።»

መኪናዋ ውስጥ ገባች። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። ወንበሩ ወደ መሪው ተስቦ ጉልበቷን ያዛት። ወርዳ ብትገፋት ንቅንቅ አላለችም።

አመሻሽ ላይ ሸምሰዲንን፣ ብዙነህንና አባቷን ልትጠይቅ መጥታ የነበረችውን ትዝታን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማርሽ የገባባት መኪና በአንድ ሰው አትገፋም። ሞተሩ ነው የወሰዳት። ወንበሩ ደግሞ አቶ ሸምሰዲንንም ብዙነህንም አያስቀምጥም፤ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው። ትዝታ፣ መሪው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

ትዝታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አባዬ ከኋላ ሞተሩን እያየ ‹ትንሽ ወደ ፊት ውሰጃት› አለኝ። ተሳስቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።»

«አልተሳሳትሽም» አለች መቅደላዊት። ሁሉንም ከመኪናዋ ኋላ ዞር አድርጋ ሞተሩን አስነሳችና አንደኛ አስገባች። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው ግን ሲጠራ ልብ የሚሰብር ነበር።

«የሁለቱ ሞተር አዟዟር ተቃራኒ ነው» አሉ ሸምሰዲን መሬት መሬት እያዩ። «ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ሲገጠም ትልቁ ጥርስ ካልተገለበጠ የፊቱ ማርሽ ሁሉ የኋላ ይሆናል። እሱን ልገለብጥ ስል የመግሪብ አዛን አለ፤ ጾመኛ ነኝ። ገብሬ ‹ሂድ አፍጥር፣ ውሃህን ጠጣ፤ እኔ እዘጋዋለሁ› አለኝ። እኔ እሱ ይገለብጠዋል ብዬ ሄድኩ፤ እሱ የገለበጥኩት መስሎት ዘጋው። ገደልኩት ስል አልዋሸሁም፣ ትዝታ ልጄ። ለአንቺ እውነቱን መንገር ግን አቃተኝ።»

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሸምሰዲን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

ትዝታ ቤት ገብታ በአባቷ ጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች።

«ይጠጡ ጋሼ» አለቻቸው። «አባዬም ያለዎት ይህንኑ ነው።»

ሸምሰዲን ጣሳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አለቀሱ።