የያርጋል ዋስ

ለምትወደው ሰው የጻፍከውን ቃል አንድ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰምተህ ታውቃለህ? ካልሰማህ አገር ሰላም ነው አትበል። ተራህ አልደረሰም ማለት ነው።

ሠርካለምና ያርጋል የተዋወቁት በ2007 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ ዳባት ላይ ባዮሎጂ ታስተምራለች። እሱ ደባርቅ እየኖረ ፈረንጆችን ሰሜን ተራራ የሚያወጣ አስጎብኚ ነው። አጠገቧ ሲቀመጥ ጭኑ ላይ ያቀፈው ትልቅ ጓዝ ጉልበቷን ተጫናት።

«የማንን ሬሳ ነው የተሸከምከው?» አለችው።

«የፈረንጅ ድንኳን ነው። ሬሳ ቢሆንማ ታለቅሺልኝ ነበር።»

«ለማላውቀው ሰው አላለቅስም።»

«እንግዲያው እንተዋወቃ።»

ሳቋን ልትደብቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭው ጉም ስለነበር መስተዋቱ ሳቋን መልሶ ለእሱ አሳየው።

ከዚያ በኋላ በፌስቡክ ይጻጻፉ ጀመር። እሱ ተራራ ላይ ሲሰነብት ኔትወርክ የለም። እሷ ግን በየቀኑ ትጽፍለታለች፤ እሱም ሲወርድ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የተጠራቀመውን ያነባል። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «ጉሙ ሲገለጥ አንተ ያለህበት ተራራ ይታየኛል። ያን ቀን ተማሪዎቼን አልቆጣም።»

ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በዳባት የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። እንደ ወጉ ሽማግሎቹን በቀጠሮ መለሷቸው፤ ሲመለሱም ሌላ ቀጠሮ ሰጧቸው። የልጁ ሥራ አልተዋጠላቸውም። ተራራ ለማየት መሪ የሚያስፈልገው ዕውር ብቻ ነው ይላሉ።

በዚሁ መካከል ያርጋል ከተራራው ግርጌ ባለች አንዲት መንደር በኩል ሲያልፍ፣ አገልግሎት እየሰጠ ነው ተብሎ በሬዲዮ የተወራለት ጤና ኬላ ተዘግቶ አገኘው። ቁልፉ ዝጓል። ደጃፉ ላይ አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን አቅፋ ተኝታለች። ፎቶ አነሣትና «ሐኪሟ ይቺ ናት» ብሎ ለጠፈ።

ወንጀሉ ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ጠሩት። ኃላፊው የዶሮዋን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ሁለቱ የተጻጻፉትን ሁሉ አሳትሞ ይዟል። ሠርካለም ስለ ጉሙ የጻፈችውን መርጦ፣ ድምፁን እያቀጠነ ለባልደረቦቹ አነበበላቸው። እነሱም ሳቁ።

«እኛንስ ትቆጣን ይሆን?» አለ ኃላፊው።

ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ተፈረደበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት እንዳይነካ ተከለከለ፤ ለከተማው ኢንተርኔት ቤቶችም እንዳያስገቡት ተነገራቸው። የሚለቀቀውም ዋስ ከጠራ ነው፤ ቃሉን ካፈረሰ ዋሱ ይታሰራል። አጎቱ ፈሩ። ጓደኞቹ ስልካቸውን ዘጉ። ይኼን የሰሙት መሪጌታ ጭራቸውን ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩና ፈረሙ።

ሠርካለም ግራ ገባት። «አባ፣ ልጅዎን የከለከሉትን ሰው እንዴት ዋስ ሆኑት?»

«አልከለከልሁትም፤ ቀጠሮ ሰጠሁት እንጂ። ዋስ ላጣ ሰው ግን ቀጠሮ አይሰጥም።»

ክልከላው ረኀብ ነበር። እንግዶቹ ያርጋልን የሚያገኙት በኢሜይል ብቻ ነው፤ መልስ ሲያጡ ሌላ አስጎብኚ ፈለጉ። እሱ አደባባይ ቁጭ ብሎ የሌሎች በቅሎዎች ሲጫኑ ያያል። ሽማግሎቹን መልሶ ለመላክ እንኳ አፈረ፤ በምን ሊያኖራት? ሠርካለም ለእንግዶቹ በስሙ ልትመልስለት ብትለምነው እሺ አላለም።

«የአባትሽ አንገት ያለበት ነው» አላት።

«እኔ የፈረምሁት የለም።»

በአገሩ ወግ ዋስ የሚጠየቀው ዋስ ለሆነው ሰው ነው፤ ያ ሰው የሚወዳት ልጅ ለሠራችው ማንም ሲጠየቅ አልታየም። ሠርካለምም ይኼንኑ አምና፣ ሁለቱም በሚያውቁት ፓስዎርድ ኢሜይሉ ውስጥ ገብታ፣ ከጓደኞቿ ጋር መምጣት ለምትፈልግ አንዲት ጀርመናዊት መለሰች፦ «ያርጋል ደህና ነው። ለመስቀል ኑ፤ ይመራችኋል።»

መሪጌታን ከተማሪዎቻቸው መካከል አስነሥተው ወሰዷቸው።

እሷ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሮጣ የጻፍሁት እኔ ነኝ አለች። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ከእሱ ስም የወጣ የእሱ ነው» አላት። ወንጀለኛው ማን እንደሆነ እያወቁ፣ የሚጎዳውን መርጠው አሰሩ!

ሁለቱ እስር ቤት ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ያርጋል በአጥሩ በኩል ሊያያቸው አልደፈረም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መሪጌታ «ሽማግሎችህን ጥራልኝ፤ ቀጠሯቸው ደርሷል» አሉት።

ሽማግሎቹ መጥተው እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። መሪጌታ ከውስጥ ሆነው «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ምርቃቱን ግን ከዚህ ሆኜ አላደርገውም። በቤቴ ነው።»

ሠርጉ ቆመ። ልጅ ተሰጥታለች፤ መራቂው እስር ቤት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ስለ መልካም አስተዳደር ስብሰባ ተጠራ። ያው ኃላፊ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አለ። ሠርካለም ተነሣች። ያርጋልም ተነሥቶ፣ ያልተጋቡ ሰዎች በዚያ ከተማ የማያደርጉትን አደረገ፤ በሕዝብ ፊት እጇን ያዘ።

እርስዎ አላለችውም።

«የጻፍሁለትን በዝግ ቤት አንብበህ ስቀሃል። እቆጣህ እንደሆነም ጠይቀሃል፤ ይኸው ተቆጥቻለሁ። አሁን ሕዝቡ ፊት ጮክ ብለህ አንብበው። ወንጀሉ የትኛው ቃል ላይ ነው? አባቴን ያሳሰረው የትኛው ቃል ነው? ተነሥና እዚሁ መልስልኝ።»