በመስታወት ላይ የተሳለው ከተማ

ሰውየው ቀለም መሸጫው የገባው የጭስ ቀለም ፍለጋ ነው። ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው የባለሱቁ ልጅ እንደ ሌሎቹ ሻጮች አልሳቀችበትም። ቆርቆሮዎቿን ትታ ፊቱን አየችው።

«የምን ጭስ? የእንጨት ነው የጎማ?»

እሱም ቀና ብሎ አያት። «የከተማ» አላት። «ተቃጥሎ ያደረ ከተማ።»

«እንግዲያው ግራጫ ብቻውን አይሆንዎትም» አለችና ቡኒና ወይን ጠጅ ጠብ አድርጋ፣ እዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ቀምማ አሳየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀለም ሳያልቅበትም መምጣት ጀመረ። ፍቅር መቼም ሰበብ አያጣም።

የፊልም ሰዎች «አስማተኛው» ይሉታል። በአገሩ የፊልም ማታለያ ሥራን የጀመረው እሱ ነው። ከእሱ በፊት ዝናብ የፈለገ ዳይሬክተር አንጋጦ ደመና ሲጠብቅ ይከርም ነበር። እሱ ግን ቧንቧ በስቶ፣ ጠብታው ካሜራ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ወተት ቀላቅሎበት፣ በጠራራ ፀሐይ ያዘንባል። በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መርከብ አስጥሟል። ያስተማረው ሰው የለም፤ እያበላሸ ነው የተማረው። ልጅቷንም ቀለም ቀማሚ አድርጎ ቀጠራትና «እርስዎ» መባባሉ በሳምንቱ ቀረ።

አባቷ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። «ወተቱን ለዝናብ የሚደፋ ሰው ልጆቹን ምን ሊያጠጣ ነው?» እያሉ ያሾፉ ነበር። ሲጨቀጨቁ ሰንብተው በመጨረሻ ለጋብቻው እሺ አሉ፤ ሠርጉ የተያዘው ፊልም እንዳለቀ ይሁን ተባለ።

ፊልሙ በጦርነት ስለወደመ ከተማ ነበር። በቀረጻው ግቢ ውስጥ የተሠራው የቤቶቹ ምድር ቤት ብቻ ነው። የቀረውን፣ የፈረሰውን ፎቅና ጣሪያ፣ ጭሱንም ጭምር፣ አስማተኛው ካሜራው ፊት በቆመ ትልቅ መስታወት ላይ ይስለዋል። በካሜራው ሲታይ እውነተኛው ግድግዳና ሥዕሉ ገጥመው አንድ ከተማ ይሆናሉ።

ሥዕሉ ግማሽ ሲደርስ፣ ለፍንዳታ ያዘጋጀው ባሩድ ሳይታሰብ ቀድሞ ነደደና ቀኝ ዓይኑን አጠፋው።

ሐኪሙ አልሸፋፈኑለትም። የሞተው ዓይን በቶሎ ተቆርጦ ካልወጣ ደህናውን ይዞት ሊሄድ እንደሚችል፣ ሕመሙ ደህናውን የያዘው ዕለት ደግሞ እሳቸው የሚያደርጉት ነገር እንደሌለ ነገሩት። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለሳምንታት መተኛት ነበረበት።

እሱ ግን መተኛት አልፈለገም። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥላ ሁሉ ከእውነተኛው ግድግዳ ጥላ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የተሳለ ነው። ተኝቶ እስኪነሣ ፀሐይዋ መንገዷን ትቀይራለች፤ አንዱ ጥላ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይወድቅና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

«ፀሐይ እኮ በዓመቱ ትመለሳለች» አለችው። «ዓይን ሄዶ ይመለሳል?»

«በዓመቱ ግድግዳው የለም። ያፈርሱታል።» ከዚያ ሊያስቃት ሞከረ። «ደግሞ ካሜራም ያለው አንድ ዓይን ነው። ከተጎዳሁ ወዲህ መስመሩ እንዴት እንደሚገጥምልኝ አላየሽም?»

እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በሁለት ዓይኑ ሲያይ መስታወቱ ቀርቦ፣ ግድግዳው ርቆ እየታየው ይቸገር ነበር። አሁን ሁሉም አንድ ላይ ተለጥፎ ይታየዋል። ሌላ ሰው ቢሆን አካሌ ጎደለ ብሎ ያለቅሳል፤ ይህ ሰው ግን አዲስ መሣሪያ ያገኘ መሰለው።

«እንዳለቀ ሆስፒታል ካልገባሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ሊል ሲል አፉን በመዳፏ ያዘችው። እንዲህ ያለ መሐላ በደህና ጊዜም አትወድም።

ቀለም በመመለስ የሚተካከለው አልነበረም። «ትንሽ ይቅላ»፣ «ትንሽ ይደብዝዝ» እያለ ሲያመላልሳት ይውላል፤ እሷም እያጉረመረመች ደስ ይላታል። ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መጀመሪያ የቀመመችውን ሳይመልስ ተቀበላት። ሁለተኛውንም ተቀበለ። ጠረጠረችና ሆን ብላ አረንጓዴ ያየለበት ቀለም አቀበለችው። ብሩሹን ነከረና ለጭሱ ሊቀባው እጁን ዘረጋ።

እጁን አየር ላይ ያዘችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሊዋሻት አስቦ ተወው። «ከሰኞ» አለ። «መጀመሪያ ብርሃን ወጋኝ። አሁን ጉም ነው።»

አሁኑኑ እንሂድ አለችው። እሱ ደግሞ የያዘው እንደሁ ይዞታል፣ የቀረው ሁለት ጣሪያ ብቻ ነው፣ ቀረጻውም ነገ ነው እያለ ለመናት። ደረቱን በቡጢ መታችው። ፊልሙንም መስታወቱንም ፀሐይቱንም አንድ ላይ ረገመች።

«በእጅሽ ጨርሺልኝ» አላት። «እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ሣዪው። ከዚያ ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

ፍቅር በሉት ሞኝነት፣ ብሩሹን ተቀበለችው። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሁለቱንም ጣሪያ ሣለች። በማግስቱ ጥላ ከጥላ ገጠመ፤ ዳይሬክተሩ ቀረጻው አልቋል እንዳለ እጁን ይዛ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደችው።

የሞተው ዓይኑ ወጣ። የተረፈው ግን ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ጨለመ። በዋዜማው ይዛው መጥታ ቢሆን ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቀቻቸው። «አላውቅም ልጄ» አሏት። ይህን መልስ እስከ ዛሬ ትጠላዋለች፤ አዎ ቢሏት ራሷን ትወቅስ ነበር፣ አይ ቢሏት ታርፍ ነበር።

እሱ እንድትተወው ነገራት። አባቷም ቃል የሰጠችው ለሚያይ ሰው እንደነበር አስታወሷት። ምክራቸውን አልተቀበለችም። ተናዳ ነበር፤ ተናዳም ሳለች ምሳ ትወስድለታለች፣ ሳትናገረው ተቀምጣ ትመለሳለች።

ፊልሙ ለሕዝብ በታየ ዕለት እየመራች ሲኒማ ቤት አስገባችው። ከተማው ሲመጣ ከሙዚቃው አውቆ እጇን ጨመቀ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ሰዉ ምን አለ?» አላት በሹክሹክታ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ፊታችን ያለችው ሴትዮ መሐረቧን ትፈልጋለች። አንዱ ያስላል። እውነተኛ ከተማ ነው የመሰላቸው። መስታወት መኖሩን ማንም አላወቀም።»

ፊቱ ፈካ። አፉን በእጁ ይዞ፣ ድምፁን አፍኖ ሳቀ። ደስታው ልቧን ሰነጠቀው፤ ሁለት ዓይኑን የሰጠው፣ ሥዕሉን ሰው እንዳያይለት ነበር፣ ያም ሆነለት። እሷም ብትሆን የራሷን ሁለት ጣሪያ ከእሱ ሥዕል መለየት አቅቷት ኮርታ ነበር፤ በመኩራቷም አፈረች።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እጄንም ይቅር አላልኩትም።»

«እሱንስ ተይው» አለ፤ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «እሱን እኔ ነኝ የለመንኩት።»

 ስክሪኑ ላይ ከተማው እየጨሰ ነው።

«ነገ አባባ ዘንድ እንሄዳለን» አለችው። «ልጅዎን ለትዳር እንደገና ልጠይቅ መጣሁ ትለዋለህ። እምቢ ካለም እኔ እሺ ብያለሁ።»

መልስ ሊሰጣት ዞረ፤ ግን የዞረው ባዶው ወንበር ወዳለበት ወገን ነበር። አገጩን በጣቶቿ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው።

«እዚህ ነኝ» አለችው።