ሦስት ቅጽሎች

«የሺሃረግ ኢዝ ኤ ደርቲ ገርል» አለች ወይንሸት ከአግዳሚው ተነሥታ፤ ቆሻሻ ልጅ ናት ማለቷ ነው።

ሰባተኛ ክፍል በሳቅ አውካካ። ቲቸር ደባሱ ስለ ቅጽል አስተምረው፣ ሰውን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲሠሩ አዘው ነበር።

«ቅጽሉን ከስሙ በፊት አስገብተሻል፤ ሰዋስዉ ልክ ነው» አሉ ፊታቸውን አጨማደው። «ሰውን ግን እንዲህ አይሉም። ተቀመጪ።»

የሺሃረግ አንገቷን ደፋች። ጠዋት ከእናቷ ጋር ግድግዳ ስትመርግ የነካት ጭቃ ቀሚሷ ላይ ደርቋል። ሌላ ቀሚስ እንደሌላት ከማንም በላይ የምታውቀው ወይንሸት ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ አብረው ተቀምጠዋል። አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ቀርቶ «ደርቲ» ሆነች። ምንጭ ስትወርድ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ሳይቀሩ «ደርቲ መጣች» ይሏት ጀመር። ልትማታ አሰበችና ተወችው። በቅጽል የወጋቻትን በቅጽል ልትወጋት ቆረጠች። ከቲቸር ደባሱ መዝገበ ቃላት ተውሳ ሳምንቱን ሙሉ ገጽ ስትገልጥ ሰነበተች።

የወይንሸት አባት አቶ ከፋለ ከሙጃና ከኮን ገበያ እህል እያመጡ ይነግዱ ነበር። የሺሃረግ አንድ ቀን እነወይንሸት ቤት ስትጫወት፣ ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ አይታለች። ወይንሸትም ለማንም እንዳትናገር በአሸተን ማርያም አስምላታለች። በዚያ በ1970 ዓ.ም. እህል የደበቀ ሰው «አሻጥረኛ» ተብሎ ይታሰር ነበር። ኅዳር ላይ የተወሰደ አንድ ነጋዴ እስካሁን አልተመለሰም።

የሺሃረግ ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ «ወይንሸትስ ፋዘር ሃዝ ኤ ቢግ፣ ፉል፣ ሲክረት ስቶር።» የወይንሸት አባት ትልቅ፣ ሙሉ፣ ምስጢራዊ መጋዘን አላቸው። ሦስቱም ቅጽሎች ቦታቸውን ይዘዋል። ደግማ አነበበችውና ደስ አላት።

ሰኞ ገና እጇን እንዳወጣች የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አረጋ ሽጉጡን እንደታጠቀ ገባ። «ትምህርቱን ልጎበኝ ነው፤ ቀጥሉ» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ።

«እሺ፣ የሺሃረግ» አሉ ቲቸር ደባሱ።

ተነሣች። ወይንሸት ከጎኗ የተከፈተውን ደብተር አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«በእንግሊዝኛ በይና ለእኔ ተርጉሚልኝ» አለ ጓድ አረጋ።

የሺሃረግ አልቸኮለችም። ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ፍርሃት እነሆ ከአጠገቧ ነው፤ ጣፈጣት። ዓይኗ ሽጉጡ ላይ አረፈ። የሰደበቻት ወይንሸት ናት። የሚወሰዱት ግን አቶ ከፋለ ናቸው።

«ወይንሸት ኢዝ ኤ ክሩወል ገርል» አለች በመጨረሻ። «ወይንሸት ጨካኝ ልጅ ናት ማለት ነው።»

ጓድ አረጋ ሳቀ። ክፍሉም ተከትሎት ሳቀ። ወይንሸት ብቻ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ ቀረች።

በእረፍት ሰዓት ወይንሸት ተከትላት ወጣች። «የሺዬ፣ በማርያም ይቅር በይኝ» አለች እንባዋ እየወረደ።

የሺሃረግ ስለ መጋዘኑ የጻፈችበትን ገጽ ከደብተሯ ገንጥላ፣ ፊደል እስከማይለይ ድረስ ቦጫጨቀችው።

«የአባትሽን ነገር ለማንም አልናገርም፤ በዚያ አትስጊ» አለቻት። «አንቺን ግን ይቅር አላልኩሽም።»

ደወል ሲደወል ክፍል ገብታ ከወይንሸት አጠገብ ደብተሮቿን ሰብስባ፣ ከኋላ አግዳሚ ወደምትቀመጠው ልጅ ሄደችና «ሙሉዬ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አለች።