በዕጣው ዋዜማ የሄደ መብራት

የእቁብ ዳኛው አቶ ተክለማርያም የእቁቡን ሣጥን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ፣ በገዛ ወንበራቸው ሞተው ተገኙ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ በፈረንጅ 1996 ሲሆን ላስ ቬጋስ መቶ ዐሥራ ሁለት ዲግሪ ፋራናይት ገብታ ነበር። ፖሊሱ ከሕንፃው ጀርባ ያለው፣ የክፍላቸውን መብራት የሚያቋርጠው ብሬከር መውደቁን አይቶ «ሙቀት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ለአንድ ስደተኛ ሽማግሌ ከዚህ በላይ ቀለም አይባክንም።

የእቁቡ አባላት ግን ፈርደው ጨርሰዋል። ብሬከሩ ያለው ከፈድሉ በር አጠገብ ነው። ዕጣ ያልወጣላቸውም ፈድሉ፣ ኤልፍነሽና ግዛቸው ብቻ ናቸው፤ እሑድ ከሦስቱ ለአንዱ አምስት ሺህ ዶላር ይወጣል።

ኤልፍነሽ የሰው አፍ ፈድሉን ሳይበላው ብላ ጽጌወይንን ጠራቻት። ጽጌወይን አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ ኤርፖርት ውስጥ የአረጋውያንን ተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች። እጇ ሥራ ቢቀይርም ዓይኗ አልቀየረም።

ሣጥኑን ከፈተች። ገንዘቡ ሙሉ ነው፤ ሦስቱ ዕጣዎችም እንደተጠቀለሉ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ገመድ አልባ ስልክና ያልተለኮሰ ሻማ ከነክብሪቱ ተቀምጠዋል።

«በሩ ከውስጥ በሰንሰለት ተይዞ ነበር» አለ ፈድሉ። «ሰበርኩት፣ ገዳይ ተባልኩ። ባልሰብረው ደግሞ ጨካኝ እባል ነበር።»

«ያንተ ቤት መብራት ነበር?»

«ኤሲዬ ቤቱን እያቀዘቀዘ ነበር። የማፍረውም በሱ ነው።»

ኤልፍነሽ ዓይኗን ጠረገች። «ስምንት ሰዓት ላይ በበሩ፣ ‹ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ይቀዘቅዛል፣ እንሂድ› ብላቸው፣ ‹መብራቱ አሁን ይመጣል፤ ሣጥኑን ለማን ጥዬ?› አሉኝ።»

ታክሲ ነጂው ግዛቸው ቸኩሎ መለሰ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ደውለው ‹መብራት ሄደብኝ› አሉኝ። ወጣ ብለው ይናፈሱ ብላቸው እምቢ አሉ።»

«በዚህ ስልክ?»

«ሌላ ምን ስልክ አላቸው፣ እትዬ ጽጌ?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዐሥሩም አባላት የሟቹን ክፍል ሞሉት።

«ሻማ ያዘጋጀ ሰው፣ መብራት የሄደው በሰፈሩ ሁሉ መስሎታል» አለች ጽጌወይን። «እንደ አገራችን ልማድ ይመጣል ብለው ቁጭ አሉ። የእቁብ ዳኛም በዕጣ ዋዜማ ሣጥን ጥሎ አይወጣም። ገንዘቡ ስላልተነካ፣ ብሬከሩን የጣለው ሰው ሊያስወጣቸው እንጂ ሊገድላቸው አላሰበም። ፈድሉ፣ እስኪ ብሬከሩን ጣለው።»

ፈድሉ ወጥቶ ጣለው፤ ኤሲው ጸጥ አለ። ስልኩን አንሥታ ለግዛቸው ሰጠችው።

«ደውል።»

ስልኩ ድምፅ የለውም።

«ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ካላገኘ አይሠራም። መብራቱ ከሄደ በኋላ ለማንም አልደወሉም። ታዲያ ያልደወሉልህን ደወሉ ያልከው ምን ልትሸፍን ነው?»

ግዛቸው ተቀመጠ።

«ዱሮ አብሬያቸው ስኖር የያዝኩት ቁልፍ ነበረኝ። ሲወጡ ገብቼ ሦስቱንም ዕጣ በስሜ ልቀይር ነበር። ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ ሰንሰለቱ አልተነሣም።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ባንኩ ለቤት መግዣ እስከ ሰኞ አምስት ሺህ አሳየኝ፣ ዘጠና አምስት ሺህ ላበድርህ አለኝ። ያንን የሚያበድረኝ ከማንም ካዝና አውጥቶ አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፈው ይፈጠራል። ለካዚኖው ሚሊዮኑን እንደዚያው ይጽፍለታል። እነሱ በሚጽፉት ገንዘብ ቤቱ ይወደዳል፤ እኔ ስድስት ዓመት በለቀምኩት ቲፕ አልደርስበትም።»

«እውነትህን ነው» አለች ጽጌወይን። «ባንክ ላለው ይፈጥራል፣ የሌለውን ያስጠብቃል። አንተ ግን ባንኩን ስላልቻልክ የሽማግሌ መብራት አጠፋህ። ፖሊስ ጠርቻለሁ።»

ኤልፍነሽ ሣጥኑን አነሣች።

«ሞተውበታልና ዕጣው ይውጣ» አለች።

ፈድሉ አንዱን አውጥቶ ዘረጋው።

«ግዛቸው» አለ።

የእቁቡ ሕግ አንድ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ አይወስድም።

«ዋስህን ጥራ» አለችው ጽጌወይን።

ግዛቸው ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። እስከዛሬ ዕጣ ለወጣላቸው ለሰባቱም ዋስ የሆኑት አቶ ተክለማርያም ነበሩ። ዓይኑ ባዶው ወንበር ላይ ደርሶ ቀረ።